ከሜዳው በፊት የሚሸነፍ ቡድን፦ ከይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክ የምንቀስመው ትምህርት

ስፖርት ከኅብረተሰቡ ኑሮና አደረጃጀት ተነጥሎ የሚታይ ተራ የጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። አንድ ሕዝብ ልጆቹን እንዴት እንደሚያሳድግ፣ የጋራ ንብረቱን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ በማኅበር ለመሥራት ምን ያህል እንደበቃ ከጨዋታ ሜዳው ላይ በግልጽ ይነበባል። የብሔራዊ ቡድናችን ውጤት ዝቅ ባለ ቁጥር በየፋብሪካው የምሳ ዕረፍት፣ በየቀበሌው አዳራሽ በረንዳና በየሻይ ቤቱ የሚነሳው ክርክር የጋለ ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ግብ በሳተው አጥቂ ወይም በተሰናበተው አሰልጣኝ ላይ ይቆማል። እኛ ግን ጉዳዩ ከዚህ የጠለቀ ነው እንላለን። በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ለዓይን የሚገለጠው ሽንፈት ለብዙ ዓመታት ከሜዳው ውጭ ሲዘጋጅ የቆየ ሽንፈት ነውና።

ይህን ለመረዳት ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት የተሻለ መነሻ አናገኝም። እኒህ ሰው የአገራችን እግር ኳስ ሲወለድ ተጫዋች፣ ሲቆም አደራጅ፣ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ አሰልጣኝ፣ ማሽቆልቆል ሲጀምር ደግሞ የመላው አፍሪካ እግር ኳስ መሪ ነበሩ። የአንዱን ሰው ጽናትና የአንዱን ቡድን መውደቅ ጎን ለጎን አድርገን ስንመለከት፣ ብዙ ጊዜ የምንሸሸው ጥያቄ ፊት ለፊታችን ይቆማል።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ በአገራችን ታሪክ ድምፃቸው በሸክላ ከተቀረጸላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ልጅየው በስመ ጥር አባት ጥላ ሥር ተቀምጦ መኖር ይቻለው ነበር። የመረጠው ግን በዚያ ዘመን ብዙ ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ ጨዋታ ይቆጥሩት የነበረውን የኳስ ሜዳ ነበር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ገና በወጣትነታቸው ተቀላቅለው፣ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ በታማኝነት አገልግለውታል።

ቡድኑ ገና ሳይጠና የፋሺስት ወራሪ አገሪቱን ያዘ። ወራሪው ኃይል መሬቱን ብቻ ሳይሆን ጨዋታውንም በቀለም ከፈለ። ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ እንዳይገናኙ ተከለከለ፤ የኢትዮጵያውያን ቡድኖች እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም የራሱን ስም ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር በሚል ስያሜ እንዲጠራ ተገደደ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። አቶ ይድነቃቸው ዘረኝነትን የተማሩት ከመጽሐፍ ወይም ከስብሰባ ንግግር አልነበረም፤ በገዛ ከተማቸው፣ በገዛ እግራቸው ሥር ባለው ሜዳ ላይ ነው። ኋላ ዓለምን ያስደነቀው አቋማቸው ሥሩ እዚህ ነበር።

አገሪቱ ነፃነቷን መልሳ ካገኘች በኋላ ወጣቱ ተጫዋች በመጫወት ብቻ አልተወሰኑም። በ1936 ዓ.ም. የስፖርት ፌዴሬሽን ሲመሠረት ከዋነኞቹ አንቀሳቃሾች መካከል ነበሩ። በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባ የሚገኙት የአርመን፣ የግሪክና የኢጣሊያ ማኅበረሰቦች፣ እንዲሁም የእንግሊዝ የጦር ልዑክ የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ኢትዮጵያውያኑ ከእነዚህ ጋር በአንድ ደንብ፣ በአንድ ሜዳ፣ በእኩልነት እንዲወዳደሩ ማድረግ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ትናንት በቀለም ተለይቶ በአጥር ማዶ ይቆም ለነበረ ወጣት ግን እኩል ሆኖ መሸነፍ እንኳ ድል ነበር። ውድድሩን ማደራጀት፣ ደንብ መጻፍ፣ ዳኛ ማሠልጠን፣ መዝገብ መያዝ፤ ይህ ሁሉ ጭብጨባ የሌለው ሥራ በእነዚያ ዓመታት ተሠራ። በኅዳር 1940 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ጋር አድርጎ 5 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ድሉ የተጫዋቾቹ ብቻ ሳይሆን የዚያ ጸጥተኛ ሥራ ፍሬ ነበር።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ወኪሎች ተሰባስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ወዲያው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊጀመር ሲል ከባድ ጥያቄ ተነሳ። የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን የሚልከው ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን እንደማይሆን አሳወቀ። ጨዋታው የተመደበው ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር ነበር። ገና አንድ ሳምንት ያልሞላው፣ አባላቱ አራት ብቻ የሆኑ ድርጅት አንዱን መሥራች አባሉን ከውድድር ማስወጣት ራሱን እንደማዳከም ይቆጠር ነበር። መሥራቾቹ ግን አላመነቱም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ዋንጫው ለግብፅ ሆነ፤ መርሁ ግን የአፍሪካ ሆነ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ራሱ ደቡብ አፍሪካን ያገደው ከአራት ዓመታት በላይ ዘግይቶ፣ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ያባረራት ደግሞ በ1968 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ እገዳው ሲላላ፣ ሲነሳና እንደገና ሲጣል የአፍሪካን ድምፅ ሳይሰለቹ ካሰሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

ከዚያ የመጣው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ ቡድናችን በአቶ ይድነቃቸው አሠልጣኝነት ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ፣ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች ከወሰደችው ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ቀረበ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። ግርማ ተክሌ የመጀመሪያውን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ሁለተኛውን አስቆጠሩ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብ ጨምረው ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫው እዚህ ቀረ።

ያ ቡድን ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የቫሳሎ ወንድማማቾች ከአሥመራ የኳስ ባህል የወጡ ነበሩ፤ መንግሥቱ ወርቁ የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ ሲወስድ፣ የአሥመራ ቡድኖችም በተደጋጋሚ የበላይነቱን ይይዙ ነበር። የሠራተኛው ቡድን፣ የሠራዊቱ ቡድን፣ የሰፈሩ ቡድንና የትምህርት ቤቱ ቡድን እርስ በርስ እየተፎካከሩ አንዱ ሌላውን ያሳድጉ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ሜዳ የገቡት አሥራ አንድ ሰዎች ቢሆኑም ያሸነፈው ከሥራቸው የነበረው ሰፊ መሠረት ነው።

አቶ ይድነቃቸው ከዚህ ድል በኋላ ፊታቸውን ወደ ሌላ ትግል አዞሩ። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለአፍሪካ አንድም ቀጥተኛ ቦታ አልሰጠም ነበር፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺያንያ አሸናፊ ጋር ደግሞ መጋጠም ነበረበት። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን በግንባር ቀደምነት ባስተባበሩት ተቃውሞ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው በአንድነት ወጡ። ያኔ ብዙዎች አፍሪካ ራሷን ጎዳች ብለው ነበር። በ1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ግን አፍሪካ የራሷ ቦታ ኖሯት ሞሮኮ ተሳተፈች። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ሁለት፣ በ1990 ዓ.ም. አምስት፣ ለ2018ቱ ውድድር ደግሞ ዘጠኝ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ሞሮኮ ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ደስ ያላቸው አፍሪካውያን ሁሉ፣ ያ በር በልመና ሳይሆን በኅብረት እምቢታ የተከፈተ መሆኑን ማስታወስ ይገባቸዋል።

የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በፕሬዚዳንትነቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለአሥራ አምስት ዓመታት ቆዩ። ገንዘብ ያላቸው የአውሮፓ ክለቦች የአፍሪካን ወጣት ተጫዋቾች ገና በእሸትነታቸው እየለቀሙ መውሰዳቸው ያሳስባቸው ነበር። አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ በውጭ አገር የሚጫወቱ ተጫዋቾችን እንዳያሰልፍ የሚከለክለው ደንብ እስከ 1974 ዓ.ም. ጸንቶ የቆየው ከዚሁ ስጋት የተነሳ ነው። ደንቡ የሰውን ልጅ ከእንጀራው የሚያግድ አጥር ነበር የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ ትችታቸውም መሠረት የለውም አንልም። ስጋቱ ግን እውነት ነበር፤ በአገሩ ሜዳ የሚያሳድገው ያጣ ልጅ ዞሮ ዞሮ የሌላው ሀብት ይሆናልና።

እስከዚህ ድረስ የተረክነው የኩራት ታሪክ ነው። አሁን ወደሚያመው ክፍል እንለፍ። አቶ ይድነቃቸው በአህጉሩ መድረክ ከፍ ባሉ መጠን የአገራቸው ቡድን ዝቅ እያለ ሄደ። በ1956 እና በ1960 ዓ.ም. አራተኛ ወጣን። በ1958 ዓ.ም. በቱኒዚያ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1 ተሸነፍን። በ1962 ዓ.ም. ሱዳን ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈን ስንመለስ፣ በኮትዲቯር ብቻ ስድስት ግብ ተቆጥሮብን ነበር። በ1968 ዓ.ም. ዋንጫውን በራሳችን አገር አስተናግደን ከምድባችን ማለፍ አቃተን። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ አንድም ግብ ሳናስቆጥር ተመለስን። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ አንድ ዓመታት የአፍሪካ ዋንጫን በር አላንኳኳንም። የመሠረትነው ቤት ውስጥ እንግዳ ሆንን።

ለዚህ ተጠያቂው ማን ነው? አቶ ይድነቃቸውን ከሰው በላይ አድርጎ ማቅረብ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ማሽቆልቆሉ የጀመረው በእርሳቸው ዘመን፣ በዓይናቸው ፊት ነው፤ የአገሪቱ ስፖርት አንዱ ዋነኛ ኃላፊ እንደመሆናቸውም ከወቀሳው ድርሻ አላቸው። ዋናው ስህተት ግን ከእርሳቸው ይልቅ የእኛ ነው ብለን እናምናለን። አንድ ብርቱ ሰው ስናገኝ ሸክሙን ሁሉ እርሱ ላይ ጭነን የመቀመጥ ልማድ አለን። ቤት በአንድ ምሰሶ ቢቆምም አይጸናም። ደንብ የሚጽፍ፣ የሚያሠለጥን፣ የሚከራከር፣ የሚወክል አንድ ሰው በመኖሩ ተመክተን፣ ያንን ሰው የሚተኩ መቶ ሰዎችን ሳናፈራ ቀረን። እርሳቸው ወደ አህጉሩ ሥራ ሲያዘነብሉ በአገር ቤት የቀረው ወንበር እንጂ ድርጅት አልነበረም።

ከዚህም ሌላ ከሥር የነበረው መሠረት ተናደ። ጎረቤቶቻችን ከነፃነታቸው በኋላ የወጣት ቡድኖችንና ሊጋቸውን በትጋት ሲያደራጁ፣ እኛ በ1954ቱ ዋንጫ ትዝታ ስንሞቅ ቆየን። የጦርነትና የችግር ዓመታት ወጣቱን ከሜዳ አራቁት። ቡድኖች በየጊዜው እንዲፈርሱ፣ እንዲዋሐዱና ስማቸውን እንዲለውጡ ሲደረግ፣ ደጋፊውና ቡድኑ ለዓመታት የገነቡት ትስስር ላላ። ለብሔራዊ ቡድን ብዙ ተጫዋቾችን ታፈራ የነበረችው አሥመራም ከ1985 ዓ.ም. በኋላ የሌላ አገር ዋና ከተማ ሆነች። አንዱ መንስኤ ከሌላው ጋር ተደርቦ ሠራ እንጂ ውድቀቱ በአንድ ሰው ክፋት ወይም በአንድ ቀን ስንፍና የመጣ አይደለም።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በካንሰር ሕመም አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ቡድናችን በገዛ ከተማው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ይህን ዋንጫ በኋላም በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ደግመነዋል። ይህ የሚያሳየው ችሎታው ከልጆቻችን እግር አለመጥፋቱን ነው። የጠፋው ችሎታውን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሸጋግረው ሥርዓት ነው።

የሥርዓቱ መጥፋት ከሁሉ ይልቅ የተገለጠው በ2000 ዓ.ም. ነው። በፌዴሬሽኑ አመራር ውስጥ በተነሳ የሥልጣን ውዝግብ ምክንያት ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ኢትዮጵያን አገደ፤ ቡድናችንም ከማጣሪያው ተሰናበተ። ያ ማጣሪያ በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደተካሄደው፣ በ2002 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ወዳስተናገደችው የዓለም ዋንጫ የሚያደርስ ነበር። ነገሩን ጎን ለጎን አድርገን እንመልከተው። በ1949 ዓ.ም. ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ሲባል ሌላውን ከውድድር ያስወጣች አገር፣ ከሃምሳ አንድ ዓመታት በኋላ ስለ ወንበር ሲባል ራሷ ከውድድር ወጣች። ከማንኛውም የ6 ለ 1 ሽንፈት ይልቅ ሊያሳፍረን የሚገባው ይህ ነው።

ታሪክ ግን ምሕረትም አለው። በጥር 2005 ዓ.ም. ቡድናችን ከሠላሳ አንድ ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ፣ አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የአፓርታይድ ሥርዓት ወድቆ፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ መለያ በሚሰለፉበት አገር፣ ለእንጀራ የተሰደዱ በርካታ ወገኖቻችን ሰንደቅ ዓላማ ለብሰው ስታዲየሙን ሞሉት። አቶ ይድነቃቸው ያን ቀን ለማየት አልታደሉም፤ በዚያ ሜዳ ላይ ግን ድርሻ ነበራቸው። ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተን፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። በ2006 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ አንድ ደረጃ ሲቀረን ናይጄሪያ አስቀረችን። ከዚያ በኋላ በ2014 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃን። በዚያው ዓመት በአገራችን ያሉት ስታዲየሞች የአህጉሩን መመዘኛ አላሟሉም ተብሎ፣ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ። የኮንፌዴሬሽኑ መሥራች አገር የራሷን እንግዳ የምትቀበልበት ግቢ አጣች።

አንዳንዶች ችግሩ የገንዘብ ነው ይላሉ። ገንዘብ አያስፈልግም አንልም። ይሁንና የ1954ቱ ቡድን በዛሬው ሚዛን ገንዘብ አልነበረውም፤ የነበረው ከሥሩ በየከተማው የሚንቀሳቀስ ሕያው ውድድር ነው። ዛሬ በየክለቡ ለተጫዋች ዝውውር የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ አይደለም፤ ሆኖም ልጆች የሚጫወቱበት ባዶ ቦታ በየሰፈሩ እየተሸነሸነ፣ እየታጠረና እየተገነባበት ይገኛል። ለአንድ ተጫዋች የሚከፈል ገንዘብ የአንድ ወቅት ውጤት ይገዛ ይሆናል። የሰፈር ሜዳ ግን የትውልድ ሀብት ነው፤ አንዴ ከታጠረ በኋላ ማንም መልሶ አይሰጠንም።

ስለዚህ ይህ ጉዳይ የፌዴሬሽኑ ሰዎች ብቻ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የቀበሌ ማኅበር አባላት በሰፈራቸው የቀረችውን አንዲት ሜዳ ቆጥረው፣ መዝግበውና ድንበሯን አስከብረው መጠበቅ ይችላሉ። ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ቡድን እንዲቋቋም፣ ቡድኑም የሚገዛቸውን ተጫዋቾች ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን ልጆች የሚያሳድግ እንዲሆን መጠየቅ ይችላል። የሰፈር ውድድር ሲዘጋጅ ደንብ መጻፍ፣ መዝገብ መያዝ፣ ሒሳብን በአደባባይ ማሳየት፤ እነዚህ ጭብጨባ የሌላቸው ሥራዎች ናቸው። አቶ ይድነቃቸውም በ1936 ዓ.ም. የጀመሩት በእነዚሁ ነው።

የአንድ ታላቅ ሰው መታሰቢያ ሐውልት ወይም የስታዲየም ስም ብቻ አይደለም። እኒህ ሰው አፍሪካ በአንድነት እምቢ ስትል ዓለም እንደሚሰማት አሳይተው አልፈዋል። እኛ ደግሞ በአንድነት እሺ ብለን የሰፈራችንን ሜዳ ማጽዳት ካቃተን፣ በስማቸው መኩራታችን ባዶ ነው። ዋንጫው የተወለደው ከትንሽ ሜዳ፣ ከተጻፈ ደንብና ከታመነ መዝገብ ነበር። የሚመለስ ከሆነም በዚያው መንገድ ነው የሚመለሰው።